ከመቀመጫው በፊት ሜዳው ይጠገን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በምሥራቅ ጎጃም የአንዲት አነስተኛ ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሠፈራችንን ታዳጊዎች እግር ኳስ አሠለጥናለሁ። በቅርቡ በተጠራ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ለኳስ ሜዳችን ባለ ጣሪያ የተመልካች መቀመጫ ለማሠራት መዋጮ እንደሚሰበሰብ ተነግሮናል። መዋጮውን አልቃወምም፤ የማልስማማው በቅደም ተከተሉ ነው።

ሜዳው የሚመሰገንበት ነገር አለው። በዙሪያችን ያሉት አብዛኞቹ ሜዳዎች ከግጦሽ የተረፉ ጠባብ ቦታዎች ሲሆኑ፣ የእኛን በሜትር ስንለካው ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 64 ሆኖ አግኝተነዋል፤ ይህም ለዓለም አቀፍ ግጥሚያ ከሚፈቀደው ዝቅተኛ ልክ ጋር እኩል ነው። ጎሎቹ 7.32 ሜትር ስፋትና 2.44 ሜትር ከፍታ ያላቸው፣ ከብረት የተበየዱ ናቸው። እግራቸው በሲሚንቶ መቀበሩን እንደ ቀላል ነገር የሚያይ ሰው፣ ሕፃናት በአግዳሚው ላይ ሲንጠለጠሉ ቆሞ አልተመለከተም ማለት ነው። እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወድለት በር የሌለው መሆኑን ነው። ማለዳ ሯጮች፣ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች፣ ታኅሣሥ 29 ደግሞ ጎልማሶች የገና ዱላቸውን ይዘው ይገቡበታል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለውም ጌታውም ሎሌውም የሚገባበት ሜዳ ሲኖር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሰኔ ሲገባ ነው። አፈሩ ዋልካ በመሆኑ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ የልጅ እግር የሚውጥ ቀዳዳ ይከፍታል። ሜዳው ሲደለደል ውኃው ወደ ግራና ቀኝ እንዲወርድ መሐሉ ከዳሩ ጥቂት ከፍ ማለት ሲገባው፣ እንደ ምጣድ ዝርግ ሆኖ ቀርቷል። በላይ በኩል የነበረው ቦይም በደለል ስለተደፈነ፣ ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ በቀጥታ ወደ መጫወቻው ይገባል፤ በረኞች ሲረግጡት የኖረው የጎሎቹ አፍም ኩሬ ይሆናል። በጣም የሚያሳዝነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹ ሙሉ ቀን በእጃችን ያሉት በሐምሌና በነሐሴ፣ ማለትም ሜዳው ከማይረገጥበት ወራት ጋር በአንድ ጊዜ መሆኑ ነው።

ለሣሩ የውጭ ዘር ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። በየደጃችን የሚበቅለው ሰርዶ በሞቃት አገሮች ስታዲየሞች ከሚተከሉት ሣሮች አንዱ ነው፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሥር ስለሚሰድ መረገጥን ይችላል። ሜዳው በክረምት ያለ ሥራ ከተቀመጠ አይቀር፣ ያን ጊዜ ቁርጥራጩ ተተክሎ ከብት ቢከለከልለት በመስከረም የተሻለ ሜዳ ይኖረናል።

የመስመሩ ነገር ወጪው እጅግ ትንሽ ሆኖ ሳለ መዘግየቱ ይገርመኛል። የሚሠመረው በኖራ ነው፤ ኖራ ደግሞ በተለይ እርጥበት ሲያገኝ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል። ባለፈው ዓመት አንድ ልጃችን መስመሩ ላይ በፊቱ ተደፍቶ ዓይኑን ለረጅም ጊዜ በውኃ ስናጥብ ቆይተናል። ኖራው በጀሶ ይተካ።

አንድ የማይታረም ጉድለትም አለ። ጎሎቹ የቆሙት በምሥራቅና በምዕራብ ስለሆነ፣ ግጥሚያዎቻችን በሚካሄዱበት ከ10 ሰዓት በኋላ የምሥራቁ በረኛ ፀሐይዋን ፊት ለፊት እያየ ይጫወታል። ሰሜንና ደቡብ ቢሆኑ ይህ ባልመጣ ነበር፤ አሁን ግን ቦታው ለማዞር አይበቃም። በምዕራብ በኩል የተተከለው የባሕር ዛፍ ረድፍ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ይጋርደዋል። እርግጥ ነው፣ ባሕር ዛፉ በሥሩ ሣር አያበቅልም፤ እኔም ለብዙ ጊዜ ስወቅሰው ኖሬአለሁ። መቀመጫው የታሰበው ግን ይኸው ረድፍ ተቆርጦ በቦታው ላይ መሆኑን በስብሰባው ስሰማ፣ ለዛፉ መሟገት ግድ ሆኖብኛል። ተመልካቹ በሰሜን ወይም በደቡብ ጎን ቢቀመጥ ጨዋታውንም ከጎል ጀርባ ከመሆን ይልቅ አሟልቶ ያያል።

ስለዚህ የሚመለከተው አካል ከመዋጮው የመጀመሪያውን ክፍል ለቦዩና ለድልዳሎው እንዲያውልልን እንጠይቃለን። ቁፋሮውን ወጣቶቹ በደቦ ሊሠሩት ተስማምተዋል፤ የሚገዛው ጠጠርና አሸዋ ብቻ ነው። ዝናቡ ሳይቀድመን ግን ሥራው እስከ ግንቦት አጋማሽ መጠናቀቅ ይኖርበታል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የታዳጊዎች አሠልጣኝ፣ ከምሥራቅ ጎጃም