ለልጄ፦ እጀታውን ከመቀየርሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

የአዲሶቹን እጀታዎች ፎቶ ከእናትሽ ጋር ሆነን አየነው። እሷ ወርቅማነቱ በዝቷል ብላለች፤ እኔ አልከፋኝም። ችግሩ ከኮመዲኖው ጋር አይገጥሙም። ያሠራሁት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ፤ የአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ርቀት 76 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሦስት ኢንች መሆኑ ነው። ያንቺዎቹ ማሸጊያ ላይ ደግሞ 96 የሚል ይነበባል። ሱቅ ውስጥ የእጀታውን ጠቅላላ ርዝመት ቢነግሩሽ ለምንም አይጠቅምሽም። ከአንዱ ብሎን መሐል እስከ ሌላው ብሎን መሐል ለኪ። በ76 የሚቀይሩልሽ ከሆነ ሥራው በካቻቪቴ ብቻ ያልቃል።

ከእጀታው በፊት ግን መሳቢያዎቹን ተመልከቻቸው። የሁለተኛው እጀታ የተነቀለው አርጅቶ አይደለም። መሳቢያው በክረምት ይቀረቀራል፣ ሁላችሁም በአንድ እጅ አንዱን ጫፍ ይዛችሁ ትጎትቱታላችሁ፤ ብሎኑ ይላላል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። አዲሱንም እንዲሁ ትነቅሉታላችሁ። መሳቢያውን ጨርሰሽ አውጪና የሚንሸራተትበትን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰሽ ሻማ ፈትጊበት። ዘይት አይሆንም፤ አቧራ ይሰበስባል። አሁን ነሐሴ ስለሆነ ማንም አናጢ በመላጊያ እንዳይነካው። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል፤ በጋ ሲገባ ይሰበሰባል። በክረምት የተላገ መሳቢያ ጥር ላይ ሲወዛወዝ ታገኚዋለሽ።

እጀታዎቹን አልመልስም ካልሽ (ግትርነቱን ከማን እንደወረስሽው እናትሽን ጠይቂያት) መሰርሰር ሊኖርብሽ ነው። ልዩነቱ 20 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ አዲስ ቀዳዳ ከአሮጌው 10 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። አንዱን አሮጌ ቀዳዳ ልጠቀምበት እንዳትዪ፤ እጀታው ከመሳቢያው መሐል ይስታል። አሮጌዎቹን ቀዳዳዎች በክብ የእንጨት ቁራጭና በኮላ ድፈኛቸው፣ ይደርና አለስልሺው። ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ መሙላት ይቀላል፤ ነገር ግን ሲደርቅ ይጠቁራል፣ ቫርኒሽም አይጠጣም። የትኛውንም ብታደርጊ ድፍኑ መታየቱ አይቀርም። ከእጀታው ሥር የሚገባ ቀጭን የብረት ሳህን ካገኘሽ ግን ይሸፍንልሻል።

ከጠንካራ ካርቶን አንድ ልኬት ቁረጪና ሁለቱን ቀዳዳዎች ምልክት አድርጊበት፤ ለሁሉም መሳቢያ ያንኑ ተጠቀሚ። በየመሳቢያው በሜትር ከለካሽ አንዱ ከአንዱ መዛነፉ አይቀርም። ከፊት ወደ ኋላ ሰርስሪ፣ ከኋላ ደግሞ ቁራጭ እንጨት አጥብቀሽ አስደግፊ፤ ፑንታው፣ ማለትም የድሪሉ መብሻ ብረት፣ እንጨቱን የሚቦጭቀው ሲወጣ ነው። መጀመሪያ በቀጭን ፑንታ፣ ቀጥሎ በ5 ሚሊ ሜትር።

የመሳቢያው ፊት 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ የ25 ሚሊ ሜትር ብሎን ይበቃዋል። ብሎኑ ከረዘመ የእጀታውን ውስጥ መጨረሻ ይነካና፣ የቱንም ያህል ብታጠብቂው እጀታው ይወዛወዛል። ማሳጠር ካስፈለገ ቀድመሽ ዳዶ (ብሎኑ ላይ የሚጠመዘዘውን ማሰሪያ) አስገቢበት፣ ከዚያ በሴጌቶ፣ በብረት መጋዝ፣ ቁረጪው፤ ዳዶውን ስታወጪው የተጎዳውን ጥርስ ያስተካክለዋል። ስታጠብቂ ድሪሉን አስቀምጪውና በእጅሽ አጥብቂ።

ኮመዲኖውን ነጭ ቀለም ልቀባው ያልሽውን እንዳልሰማሁ ቆጥሬዋለሁ። ዋንዛ እኮ ነው! በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከሐበሻ ጥድ ጋር ጥበቃ ያደረገለት ዛፍ ነው፤ እንደዚያ ያለ ሰፊ ጣውላ ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። ቫርኒሽ ቀቢው፤ ቀለም ካማረሽ ግድግዳ አለልሽ።

የወለቁትን የነሐስ እጀታዎች ከነብሎናቸው በላስቲክ ቋጥረሽ አስቀምጪልኝ። ቆራሌው ሲጣራ እንዳታወጪያቸው፤ ለእናትሽ ቡፌ እፈልጋቸዋለሁ፣ ሁለቱ እጀታዎቹ ከተሰበሩ ቆይተዋል።

አባትሽ