ኩሬው ሲደርቅ

ለውድ ወዳጄ፦

እንደምን ሰንብተሃል? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ በመቆየቴ ይቅርታህን እለምናለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በጻፍኩልህ ደብዳቤ፣ ኩሬ ሲደርቅ በውስጡ የነበሩት ኤሊዎች ያልቃሉ ብዬ ሳላመነታ ነግሬህ ነበር። መሳሳቴን ከተረዳሁ ወዲህ፣ ሳላርመው መቆየቴ ሲከነክነኝ ኖሯል።

የምነግርህ ሊቃውንት ፔሎሜዱሳ ብለው ስለሚጠሯት ኤሊ ነው። የምትኖረው ከሰሃራ በታች ባለው ሰፊ የአፍሪካ ምድር፣ በማዳጋስካርና በደቡብ ምዕራብ ዓረቢያ ነው። ለረጅም ዘመን አንዲት ዝርያ ብቻ ስትባል ኖራ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት ቢያንስ አሥር ዝርያዎች መሆናቸውን አሳይቷል።

ጀርባዋን የሚሸፍነው ድንጋይዋ ጠፍጣፋና ቡናማ፣ አንዳንዴም የጭቃ መልክ ያለው ሲሆን፣ ርዝመቱ በአብዛኛው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከአገጯ ሥር እንደ ጢም የተንጠለጠሉ ሁለት ትንንሽ የሥጋ ጫፎች አሏት። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ አንገቷ ነው፤ ስትፈራ ጭንቅላቷን ቀጥ አድርጋ ወደ ውስጥ አትስብም፣ ወደ ጎን አጥፋ ከድንጋይዋ ጠርዝ ሥር ትሸጉጠዋለች እንጂ። ሰው ሲይዛት ደግሞ ክፉ ሽታ ያለው ፈሳሽ ትለቃለች።

የምትመርጠው የረጋ ውሃ ነው፤ ኩሬ፣ ረግረግ፣ ዝናብ ያቆረውም ቢሆን ይበቃታል። ነፍሳትን፣ እንቁራሪትን፣ የሞተ እንስሳንና ተክልን ትበላለች፤ ውሃ ሊጠጡ የወረዱ ርግቦችን ይዛ ወደ ውስጥ ስትጎትት ታይታለች። ጭቃ ውስጥ ሊተኙ ከሚመጡ አውራሪሶች ገላ ላይ መዥገር እየለቀመች መብላቷን ሳነብ ግን ደጋግሜ ተመለስኩበት።

ወደ ስሕተቴ ልመለስ። ውሃው እየጎደለ ሲሄድ፣ ጭቃው ሳይጠነክር በብርቱ ጥፍሯ ቆፍራ ራሷን ትቀብራለች፤ ከላይዋ መሬቱ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ፣ እርሷ ከሥር ሳትበላና ሳትንቀሳቀስ ለወራት ትቆያለች። ዝናቡ ሲመለስ ትወጣለች፤ አንዳንዴም ያንን ኩሬ ትታ በየብስ እየተጓዘች ሌላ ውሃ ትፈልጋለች። እኔ የተሰነጣጠቀውን መሬት ረግጬ ያለፍኩ ዕለት፣ ምናልባት በእግሬ ሥር ነበሩ።

ያ ደብዳቤ አሁንም እጅህ ላይ ካለ፣ «ያልቃሉ» የሚለውን ቃል ሰርዘህ በስፍራው «ይቀበራሉ» ብለህ ጻፍልኝ።

ናፋቂ ወዳጅህ