ሲልቨር ስፕሪንግ ላለሽው እህቴ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ማን ዘጋ፣ ማን ተዘጋ ብለን ሒሳብ አንተሳሰብ። በመሀል የሞተውም የተወለደውም ብዙ ነው፤ እሱን በስልክ እናወራዋለን።

በድምፅ መልእክትሽ መጨረሻ ላይ «አሁንም ያንን የጠፈር ተረት ታነቢያለሽ?» ብለሽ ስትስቂ ሰማሁሽ። ሳይንሳዊ ልብ ወለዱን ማለትሽ ነው። አዎ፣ አነባለሁ። ይህን ሁሉ የምጽፍልሽም ሳቅሽ ስላናደደኝ ነው።

ካምፓስ ሳለን የምንቀባበለው የሮቦት ታሪኮች ጸሐፊውን አይዛክ አሲሞቭን ነበር፤ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የገዛነውን፣ ሽፋኑ የተገነጠለውን። ዛሬም አልጠላውም። ሰውን አትጉዳ፣ ታዘዝ፣ ራስህን ጠብቅ የሚሉትን ሦስቱን የሮቦት ሕጎች ደንግጎ፣ ሕጎቹ እርስ በርስ ሲጋጩ ሮቦቱ የሚይዝ የሚጨብጠው ሲጠፋው ማየት ደስ ይላል። ሰዎቹ ግን ደም የላቸውም። ስብሰባ ተቀምጠው ይከራከራሉ፣ ከዚያ ተነሥተው ሌላ ስብሰባ ይገባሉ። ለስብሰባ እኔ መሥሪያ ቤቴ ይበቃኛል።

አሁን ልቤን የወሰደችው ጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ ኦክታቪያ በትለር ናት። በ1947 ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና ተወለደች (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልሽ)። አባቷ ሊስትሮ ነበር፤ ልጅ ሳለች ሞተ። እናቷ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ በጓሮ በር ነበር የምትገባው። አሠሪዎቹ እሷ እዚያው ቆማ ስለ እሷ ያወራሉ፤ እናት እንዳልሰማ ሆና ሥራዋን ትቀጥላለች። ትንሿ ኦክታቪያ ይህን እያየች በእናቷ ታፍር ነበር። እንጀራ እየጋገረች ያስተማረችውን እናቱን ጓደኞቹ እንዳያዩበት የሚደብቅ ልጅ እኛም እናውቃለን፤ ስም አልጠራም።

ኮሌጅ ስትገባ አንድ ጥቁር ወጣት፣ ወደ ኋላ ያስቀሩንን ሽማግሌዎች ሁሉ መግደል ነበር፣ ግን ከገዛ ወላጆቼ መጀመር ሊኖርብኝ ነው ሲል ሰማችው። እነዚያ ወላጆች ምን ውጠው፣ ምን ችለው እንዳሳደጉት አያውቅም። ለእሱና ለመሰሎቹ የሰጠችው መልስ በ1979 የታተመው «ኪንድረድ» (የሥጋ ዘመድ እንደማለት) የተባለው ልብ ወለዷ ነው።

ዳና የምትባል የ26 ዓመት ጥቁር ደራሲ ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ አልታዲና ባለው አዲስ ቤቷ ውስጥ መጻሕፍት እየደረደረች ሳለ ራሷን ያዞራትና ወንዝ ዳር ትገኛለች። አንድ ነጭ ልጅ ውሃ እየወሰደው ነው፤ ታወጣዋለች። ዘመኑ የባርነት ዘመን ነው። ሩፈስ የተባለው ይህ ልጅ ሲያድግ የባሪያ ጌታ ይሆናል፤ የዳናም ዘር የሚመዘዘው ከእሱ ነው። እሱን ሞት ባፋጠጠው ቁጥር እሷ ትጠራለች፤ እሷን ሞት ሲያፋጥጣት ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በትለር አንድ መስመር እንኳ አላብራራችም። ራሷም ሳይንስ የለበትም፣ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አትበሉት ትል ነበር። እኔ ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው ያኖርሁት፤ ምክንያቱም አንዱን የማይሆን ነገር ካስቀበለችሽ በኋላ በቀረው ሁሉ ምሕረት የላትም። ዳና ቦርሳ ታዘጋጃለች፤ ቢላ፣ ሳሙና፣ አስፕሪን። ሳታስበው ስትነጠቅ አብሯት እንዲሄድ በገመድ ከሰውነቷ ጋር አስራው በገዛ ቤቷ ውስጥ ትንጎራደዳለች። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ሩፈስ፣ የዳና ዘር የሚመዘዝባትን ልጅ የምትወልድለትን፣ አሊስ የተባለችውን ጥቁር ሴት በግድ ይፈልጋታል። አሊስ እምቢ ብላ ከቀረች ዳና አትወለድም። ታዲያ ዳና ቀርባ ምን ብላ ትምከራት?

ቦታው ካንቺ ሩቅ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግረሽ ኢስተን የሚባል ከተማ አጠገብ ነው፤ ከባርነት አምልጦ ባርነትን የታገለው ፍሬድሪክ ዳግላስም የተወለደው በዚያው አውራጃ ነው። በትለር አገሩን ለማየት በአውቶቡስ ሄዳለች። የጆርጅ ዋሽንግተንንም ቤት ስትጎበኝ አስጎብኚዎቹ ባሪያ ማለቱን ትተው «አገልጋይ» ሲሉ ሰምታለች።

እስክትታወቅ ድረስ ሰሃን አጥባለች፣ ፋብሪካ ውስጥ የድንች ቺፕስ መርምራለች፤ የምትጽፈው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነሥታ ነበር። በ1993 ያወጣችው «የዘሪው ምሳሌ» የአንዲት ልጅ ማስታወሻ ደብተር ነው፤ ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመት በሚሞላት ቀን፣ ቅዳሜ ጁላይ 20፣ 2024 ይጀምራል። በእኛ ሐምሌ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሰው በአጥር ተከልሎ የሚኖርበት፣ ውሃ ከቤንዚን የሚወደድበት አገር ነው። ቀኑ ሲደርስ ሆን ብዬ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ደግሜ አነበብኳቸው፤ ሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። በትለር በ2006 አርፋለች። መጽሐፉ ኒው ዮርክ ታይምስ በብዛት የተሸጡ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ የገባው በ2020 ነው፤ አላየችውም።

አጫጭር ታሪኮች የሚጽፈው ቴድ ቺያንግ ደግሞ ለየት ያለ ነው። እንጀራው ለኮምፒውተር ሰዎች ቴክኒካዊ ጽሑፍ መጻፍ ነበር፤ በ2002 እና በ2019 ሁለት የታሪክ መድብሎች አሳትሟል። በ1990 የታተመው የመጀመሪያ ታሪኩ የባቢሎን ግንብ ነው፤ እናቶቻችን ከኦሪት የሚያውቁት ያው ግንብ። ቺያንግ ግን ግንቡ አልፈረሰም፣ ቋንቋም አልተደባለቀም ይልና ይጀምራል። ጡብ የጫነ ጋሪ እየጎተቱ ጫፉ ለመድረስ አራት ወር ይፈጃል፤ እዚያው ተወልደው መሬት ረግጠው የማያውቁ ሰዎች አሉ። ከፀሐይ በላይ ሲወጡ ብርሃኑ ከሥር ይመጣል። ስለዚህ የሰገነቱን ሳንቃ እየነቀሉ ብርሃን ያሳልፋሉ፤ አትክልቱም ፀሐይ ፍለጋ ወደ ጎንና ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ይበቅላል። ይህን ያነበብሁ ዕለት መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ። ሰማዩ የድንጋይ ጣራ ነውና፣ እሱን ሊበሱ የወጡት ከባቢሎን ጎረቤት ከኤላም የመጡ ቁፋሮ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ምን እንዳገኙ ግን አልነግርሽም።

ሌላዋ ደራሲ ኧርሱላ ለ ጊን ላይ ብዙ አልቆይም፤ ገጸ ምድሩን ስትገልጽ አንዳንዴ እንቅልፍ እንቅልፍ ታሰኘኛለች። አባቷ የታወቀ አንትሮፖሎጂስት ነበር፤ እሷም አዲስ ሕዝብ ስትፈጥር ምን እንደሚበላ፣ በምን እንደሚኮራ ሳታውቅ አትነሣም። በ1969 በወጣው «የጨለማ ግራ እጅ» ውስጥ ሁለት እርስ በርስ የማይተማመኑ ሰዎች በረዶ ላይ ጭነት እየጎተቱ፣ በአንድ ድንኳን እያደሩ የሚሄዱበትን ክፍል ግን ለማንም አልለውጠውም። መጽሐፉን ከዚያ ጀምሪው ባልልሽም፣ እዚያ እስክትደርሺ ታገሺ።

አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር አለ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስታገኚ የቺያንግን ሁለተኛውን መድብል ላኪልኝ፤ እዚህ ፈልጌ አጣሁት። እኔ በርበሬውን አስፈጭቼ እጠብቃለሁ። «ኪንድረድ»ን ግን አንቺው ግዢው፤ የኔን አላውስም። አንብበሽ ስትጨርሺ ዳና አሊስን ምን ማለት እንደነበረባት ንገሪኝ፤ ከባለቤቴ ጋር እስካሁን አልተስማማንበትም።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

እህትሽ፣ ከአዲስ አበባ