ለሱቅ ባለቤቶች፦ የቅዳሜው የኤአይ ልምምድ

ውድ አባላት፣ ለደንበኞች ተደጋጋሚ ጥያቄ በቻትጂፒቲ (ስንጽፍለት መልስ የሚጽፍልን የኤአይ ወይም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም) መልስ ማዘጋጀት የምንለማመደው ቅዳሜ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት በተለመደው መሰብሰቢያችን ነው።

ዋትስአፕ ቢዝነስ ጭናችሁ ኑ፤ ነፃ ነው፣ የተዘጋጁትን መልሶች እዚያው «ፈጣን መልስ» ላይ እናስቀምጣለን። ደንበኛ አዘውትሮ የሚጠይቃችሁን 10 ጥያቄና የ20 ዕቃ ዋጋ ጽፋችሁ አምጡ። ዋናው ይህ ዝርዝር ነው፤ ለቻትጂፒቲ ዋጋውን ካልሰጣችሁት «ነጠላ ጫማ 850 ብር» ብሎ ከራሱ ሊፈጥር ይችላል። ቀንም ያምታታል፦ መስከረም 5ን ሴፕቴምበር 5 ካደረገው የ10 ቀን ያህል ስህተት ነው፤ ስለዚህ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብላችሁ ጻፉለት።

የደንበኛ ስልክና የባንክ ሂሳብ ቁጥር በፍጹም አታስገቡ። ያዘጋጀውንም ሳታነቡ አትላኩ፤ እባካችሁ!

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ የምትሸጡትን የዕቃ ዓይነት ጠቅሳችሁ እዚሁ አሳውቁን።