ጣሪያው ተከድኗል፣ መዝገቡ ግን ገና ነው፦ ከቤተ መጻሕፍት ኮሚቴው የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለሐዋሳ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም እዚህ አድጋችሁ በሌላ ከተማና በውጭ አገር ለምትኖሩ ልጆቻችን፤

በቅድሚያ ለጣሪያው ላዋጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። በነሐሴው ዝናብ የንባብ አዳራሹ ቆርቆሮ ከነሞራሌው ሲደረመስ ብዙ ሰው «ይሄ ቤት ከእንግዲህ አበቃለት» ብሎ ነበር። እናንተ ግን ከባጃጅ ሾፌር እስከ ዓሣ ነጋዴ ያላችሁን አዋጥታችሁ መስከረም ሳያልቅ አስከደናችሁት። አሸንዳው አዲስ ነው፤ ኮርኒሱም ተመትቶ ቀለም ተቀብቷል። የቆርቆሮው፣ የሚስማሩና የአናጺው ደረሰኝ አንድም ሳይጎድል በመግቢያው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ ማንም ቆሞ ሊያነበው ይችላል።

አሁን ደግሞ መጻሕፍቱን ቆጥረን በኮምፒውተር ለመመዝገብ ለሁለተኛ ጊዜ እየለመንናችሁ ነው። «ለጣሪያ አላችሁ፣ ሰጠን፤ ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተር?» የሚለውን ጥያቄ በፒያሳም በአሞራ ገደልም ሰምተነዋል፤ ከቤታችንም ሰምተነዋል። የኮሚቴው አባላት ከሥራ ሰዓት ውጪ ያለ አበል የምናገለግል ነን፤ መድከማችንንም አንደብቅም። ጥያቄው ግን ተገቢ ስለሆነ መልሱን ከመጀመሪያው እንንገራችሁ።

ጣሪያው የወረደው ቅዳሜ ማታ ነበር። በዚያን ጊዜ እሑድ አንከፍትም ነበርና ሰኞ ጠዋት በሩ ሲከፈት 36 ሰዓት ገደማ አልፏል። የረጠበ መጽሐፍ በ48 ሰዓት ውስጥ ማድረቅ ካልተጀመረ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ጭራሽ ክረምት፣ ጭራሽ ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት። የሰፈሩ እናቶች አንሶላና ነጠላ ይዘው መጡ። ተማሪዎች በየገጹ መሀል ወረቀት እያስገቡ፣ መጻሕፍቱን እያቆሙ፣ በር ከፍተው ንፋስ እያስገቡ እስከ ማታ ዋሉ። በዚያ ሥራ ብዙ መጽሐፍ ተርፏል። ያልተረፈው መዝገቡ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ጀምሮ የገባው መጽሐፍ ሁሉ፣ ቁጥሩ፣ ደራሲው፣ የገባበት ቀንና የሰጠው ሰው ስም በእጅ የተጻፈበት ትልቅ መዝገብ ነበረን። ቀለሙ ፈሶ ገጾቹ ተጣበቁ። ማን ምን እንደተዋሰ የሚያሳዩት ካርዶች ከሥሩ ባለው መሳቢያ ውስጥ ነበሩ፤ እነሱም ሊጥ ሆኑ። ከዓመታት በፊት በልገሳ የገዛነው ኮምፒውተር ውስጥ የዝርዝሩ ግማሽ ተተይቦ ነበር፤ ግን ኮምፒውተሩም እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ እዚያው ጣሪያ ሥር ነበር። ቅጂውን ሌላ ቦታ አለማስቀመጣችን የኮሚቴው ጥፋት ነው። በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ተናግረነዋል፤ እዚህም እንደግመዋለን። «ያ ኮምፒውተር የተገዛበት ገንዘብ ባከነ» ለሚሉን ግን አንስማማም፤ ሁለቱ ሠራተኞቻችን መጽሐፍ መመዝገብን የተለማመዱት በእሱ ነው፤ ዛሬ ሥራውን ከዜሮ አይጀምሩትም።

መዝገብ የሌለው ቤተ መጻሕፍት ምን እንደሚመስል አንድ ነገር እንንገራችሁ። ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ስንል ከጥቅምት ወዲህ እሑድ ከሰዓትም እንከፍታለን። ማትሪክ እንደገና ለመፈተን የምትዘጋጅ አንዲት ወጣት የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ጠየቀች። ሠራተኛዋ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ዞራ ዞራ አጣችውና «የለም» ብላ መለሰቻት። ልጅቷ በሳምንት ያላት ነፃ ቀን አንድ ናት፤ ያቺ እሑድ እንዲሁ ሄደችባት። መጽሐፉ በማግስቱ ከሃይማኖት መጻሕፍት መሀል ተገኘ። ከዚያ ወዲህ መጥታ አላየናትም፤ የምታውቋት ካላችሁ መጽሐፉ ተቀምጦላታል በሏት።

ስለዚህ አሁን የምንለምናችሁ እያንዳንዱን መጽሐፍ አንስተን፣ ቆጥረን፣ ባርኮድ ለጥፈን በኮሃ ለመመዝገብ ነው። ኮሃ የቤተ መጻሕፍት ሥራን ከውሰት እስከ ቆጠራ የሚያከናውን ሶፍትዌር ነው፤ የፈቃድ ክፍያ የለውም። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1999 በኒውዚላንድ፣ ሆሮፌኑዋ በሚባል ወረዳ ለሚገኙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። የቀድሞ ሥርዓታቸው እ.ኤ.አ. 2000ን የሚሻገር ስላልነበረ አዲስ አሠሩ፤ ሲሠራላቸውም ዓለም ሁሉ በነፃ እንዲጠቀምበት ለቀቁት። ስሙ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው፤ ያውም የተቀበለው ሰው በተራው እንዲመልስ የሚጠበቅበት፣ እኛ ውለታ የምንለው ዓይነት። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት ወደሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ የገባውም በዚያው በ1999 ነው፤ ስለዚህ የአማርኛ ርዕስ በአማርኛ ፊደል ይመዘገባል፣ በአማርኛ ፊደልም ይፈለጋል።

ኮምፒውተሮቹ በቤቱ ውስጥ እርስ በርስ ስለሚገናኙ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ውሰቱ አይቆምም። የኮሃ የቆጠራ መሣሪያ የመደርደሪያውን መጻሕፍት በስካነር ሲያነቡለት የጎደለውንና ቦታውን የሳተውን ለይቶ ያወጣል፤ ያቺ ባዮሎጂ በዚህ ትገኝ ነበር። ኮሃ የዜና መጻፊያም አለው። ዛሬ የጠዋቷ ሠራተኛ ለከሰዓቷ መልእክት የምትተወው በብጣሽ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ይጠፋል፣ ወቀሳው ግን ይቀራል። ወደፊት «ይህ መደርደሪያ ተቆጥሯል»፣ «እነዚህ መጻሕፍት ለጥገና ወጥተዋል» የሚለው በሠራተኞቹ ገጽ ላይ ይወጣል፤ አዲስ የገቡ መጻሕፍትና የሰዓት ለውጥ ደግሞ አንባቢው መጽሐፍ በሚፈልግበት ገጽ ላይ።

«ታዲያ ሶፍትዌሩ ነፃ ከሆነ ገንዘቡ ለምንድን ነው?» ለሚለው፦ ለዕቃውና ለጉልበቱ። በተለይ ጉልበቱን ሰው አቅልሎ ያየዋል። የውጭ መጽሐፍ ከሆነ የተዘጋጀ መረጃ ከትልልቅ ቤተ መጻሕፍት መቅዳት ይቻላል። የአማርኛው ግን ቢገኝ እንኳ ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው፤ ስለዚህ አንድ በአንድ በእጅ ይተየባል። ደራሲው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይመዘገብም፤ ውጭ አገር የተሠራ መረጃ አንዳንዴ ገልብጦት ይገኛል። ሽፋኑ ላይ 2008 ካለ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መለየት አለበት፤ አለዚያ መጽሐፉ በሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። ፊደሉም አለ። የከተማችን ስም ብቻ ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ ተብሎ ይጻፋል፤ ለእኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት ነው። አንዱን መርጦ ሌሎቹን ወደ እሱ የሚመራ ማጣቀሻ ማስገባት ያስፈልጋል። በሲዳምኛ የተጻፉት መጻሕፍት ደግሞ በላቲን ፊደል ስለሆኑ የራሳቸው ጥንቃቄ አላቸው። ይህን ሁሉ ሠራተኞቻችን ያውቁታል፤ የጎደላቸው መሣሪያ ነው።

«ኮሚቴው መጽሐፍ በኪሎ ሸጠ» የሚለው ወሬም ደርሶናል፤ በጣም አሳዝኖናል። አልሸጥንም። የተወገዱት ሻጋታ ዘልቆ የገባባቸውና ቢቀሩ አጠገባቸው ያለውን የሚበክሉት ብቻ ናቸው። ከመወገዳቸው በፊት የእያንዳንዳቸው ርዕስ ተጽፎ ሦስት ሰው ፈርሞበታል፤ ዝርዝሩ ከቃለ ጉባኤው ጋር አለ፣ ለጠየቀ ይታያል። በዚሁ አንድ ነገር እንለምናችሁ፦ ሥርዓተ ትምህርቱ የተቀየረበትን አሮጌ መማሪያ መጽሐፍ በካርቶን አታምጡልን። ልባችሁን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን ጊዜው ያለፈበትን መጽሐፍ አምኖ የሚያነብ ተማሪ ይጎዳል፤ መደርደሪያም የለንም። ይልቅ ከእኛ ተውሳችሁ ቤታችሁ የቀረ ካለ እሱን መልሱ። ስንት ዓመት ቢቆይም ቅጣት የለውም፣ ማንም አይጠይቃችሁም።

የሚያስፈልገን ጠቅላላ ገንዘብ 240,000 ብር ነው። በዚህ ሁለት ኮምፒውተር፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ዩፒኤስ፣ ሁለት ባርኮድ ስካነር፣ ፕሪንተር ከተለጣፊ ወረቀቱ ጋር፣ የትየባ ረዳቶች አበልና ሁለት ሀርድ ዲስክ ይሸፈናል። አንዱ ሀርድ ዲስክ በየሳምንቱ ቅጂ ተወስዶበት ከዚህ ሕንፃ ውጪ ይቀመጣል፤ ከነሐሴ የተማርነው ይህን ነው። ተከላውን እዚሁ አንብቦ ያደገ ልጃችን በነፃ እሠራለሁ ብሏል። እስካሁን የተሰበሰበው 86,500 ብር ነው፤ ቀሪው 153,500 ብር ነው። ሦስት ፕሮፎርማ አሰባስበን ዝቅተኛውን መርጠናል፤ ዋጋው ሳይጨምር መግዛት ካልቻልን ስሌቱ ይፈርሳል። ካለፉት ሦስት ሳምንታት ወዲህ የገባው በጣም ጥቂት ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን ሰደቃ ጃሪያ ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ፤ ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀት ከዚያ ይቆጠራል። ክርስቲያን ወገኖቻችንም ከአሥራታችሁም ይሁን ከስእለታችሁ አስቡን። እምነቱን ትተን በዜግነት ብናየውም፣ በዚህ አዳራሽ በነፃ ተቀምጦ አጥንቶ ዛሬ ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ቢያንስ የአንድ መደርደሪያ ባርኮድ አይከብደውም። ቀኝ እጁ የሰጠውን ግራው እንዳያውቅ የሚፈልግ ስሙ አይለጠፍም፤ ደረሰኝ ግን ለሁሉም ይቆረጣል።

አከፋፈሉን በጥንቃቄ አንብቡልን። ገንዘቡ የሚገባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም በተከፈተው የጋራ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይንቀሳቀስም። ባለፈው ወር የእኛን ጽሑፍ ገልብጦ ሌላ ቁጥር ያስገባ መልእክት ስለተሰራጨ፣ የሒሳብ ቁጥሩን በጽሑፍ መልእክት ላለመላክ ወስነናል። ትክክለኛው ቁጥር በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ በማኅተም ተለጥፏል፤ በታተመው ደረሰኛችን ራስጌ ላይም አለ። በቴሌብር የምትልኩ ወደዚያው የባንክ ሒሳብ አስተላልፉ፤ በማንም ግለሰብ ስልክ ላይ አትላኩ፣ የኮሚቴ አባልም ቢሆን። ውጭ ያላችሁ እዚህ ያለ ዘመድ በሩ ላይ ሄዶ ቁጥሩን እንዲያረጋግጥላችሁ አድርጉ፤ ከባንኩ የምታገኙትንም ማረጋገጫ አስቀምጡ። በጥሬው መስጠት የሚፈልግ ከሰኞ እስከ ዓርብ በሥራ ሰዓት ለሠራተኞቹ ሰጥቶ ደረሰኙን እዚያው ይቀበል፤ ያለ ደረሰኝ ምንም አትስጡ።

ደግመን እንላለን፦ ንግድ ባንክ፣ የኮሚቴው የጋራ ሒሳብ፣ ቁጥሩ በሩ ላይ። ስትልኩ «ለቆጠራ» ብላችሁ ጻፉበት፤ ለጣሪያው ከተረፈው ጋር እንዳይደባለቅብን። የገባውን በየእሑዱ ከሰዓት ሰሌዳው ላይ እንጽፋለን።

ቆጠራው የሚጀመረው ከልጆች መጻሕፍት መደርደሪያ ነው። እጁ የሚችል፣ አማርኛና ሲዳምኛ የሚያነብ ወጣት ካለ ቅዳሜ ጠዋት ይምጣልን፤ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ እኛ ጋ አለ።

የቤተ መጻሕፍቱ አሠሪ ኮሚቴ፣ ሐዋሳ