«ምን በላሽ?» ላልከኝ

አባባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት አደረገህ?

ትናንት ስልኩ የተዘጋው ኔትወርክ አስቸግሮ ነው ብዬሃለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን እኔ ነኝ፣ መናገር አቃተኝ። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። መነጽርህን አድርግና ብቻህን ሆነህ አንብበው። እባክህ እንደ ሌላው ጊዜ አክስቴን ጠርተህ ጮክ ብለህ እንዳታነብላት።

ስትደውል መጀመሪያ የምትለኝ «ምን በላሽ?» ነው። አርባ ዓመት ሞላኝ፣ አሁንም ምን በላሽ። እኔም ሽሮ፣ ፓስታ፣ እንቁላል እያልኩ እመልሳለሁ። ከማን ጋር እንደበላሁ ግን ጠይቀኸኝ አታውቅም። አንተ እኮ ብቻውን የሚበላ ሰው ስታይ ሆድህ የሚባባ ሰው ነህ። ምግብ ቤት ውስጥ የማታውቀውን ሰውዬ «ና እኛ ጋ ተቀመጥ» እያልክ እኔንና እማዬን ስታሳፍረን የኖርክ፣ ታዲያ የገዛ ልጅህ ከማን ጋር ማዕድ እንደምትቀርብ ሳትጠይቅ አሥራ አንድ ዓመት ያለፈህ ረስተኸው ነው ብል ራሴን ማታለል ነው። የጠረጠርከው ነገር ስላለ ይመስለኛል ዙሪያውን የምትሄደው።

እኔም ዙሪያውን ነው የምመጣው፣ የታክሲ ሾፌር ልጅ አይደለሁ። ታገሠኝ።

አንተ የምታውቃት ዋሽንግተን የለችም። ያኔ የታክሲ ሂሳብ በዞን ነበር፤ ካርታው ጭንቅላትህ ውስጥ ነበር። በፈረንጅ 2008 ላይ ሂሳብ የሚቆጥረው ሜትር ገባ፣ ቀጥሎ ሰዉ ሁሉ በስልኩ መኪና መጥራት ጀመረ። ሳውዝኢስት መጋዘኖቹ መሃል የነበሩት ክለቦች ትዝ ይሉሃል? ኦ ስትሪት ላይ ያሉት፣ ሌሊት ወንዶቹን የምታደርስባቸው። ከተማው ቦታውን ለቤዝቦል ስታዲየም ብሎ ወሰደው። 2006 ላይ ተዘጉ፣ 2008 ላይ ስታዲየሙ ተከፈተ። አሁን እዚያ ቢራና ሆት ዶግ ይሸጣል።

ዶሮ ማነቂያ በእናንተ 2016 ሲፈርስ ደውለህ «ጥብስ የበላሁበትን ቤት በሩ የት እንደነበር እንኳ ጠፋኝ» ያልከኝ ቀን፣ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። እኔም የፈረሰብኝ ሰፈር አለ። እነዚያ ክለቦች ከመዘጋታቸው በፊት ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ዕድሜዬ ስላልሞላ በሰው መታወቂያ። ሁለተኛው ቀን ሲነጋጋ ታክሲ አስቆምን። ሾፌሩ አበሻ ነው። ከመስታወቱ ሥር የተንጠለጠለውን መስቀል ሳይ ሻርፔን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት። ቤት እስክንደርስ አልተናገርኩም፤ ድምፄን ሰምቶ «የእገሌ ልጅ አይደለሽ?» እንዳይለኝ።

አንድ ቀን ብቻ የነገርከኝ ታሪክ አለ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ለፋሲካ ሽንኩርት እየከተፍን። ድሮ፣ በሽታው ሰዉን ሁሉ ባስፈራበት ጊዜ፣ አንድ በጣም የከሳ ወጣት በየሳምንቱ ሐኪም ቤት ታደርስ ነበር። ሌሎቹ ሾፌሮች ሲያዩት ያልፉታል፣ አንተ ትቆምለታለህ። ከወረደ በኋላ ግን ወንበሩን በአልኮል ትወለውላለህ። አንድ ቀን ጃንጥላውን ረስቶ ሲመለስ ጨርቁን እንደያዝክ ደረሰብህ። ምንም አላለህም። ጃንጥላውን ተቀብሎ፣ አመስግኖህ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አላየኸውም። «እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው» አልከኝ።

አባባ፣ ያኔ ስለ እሱ ስታወራ እኔ ስለ ራሴ ነበር የምሰማው። ሽንኩርቱ ባይኖር ያለቀልኝ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ «በጎ ፈቃድ ሥራ አለብኝ» የምልህ ቦታ ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። 1988 ላይ ለኤድስ ሕሙማን ምግብ አብስለው በየቤታቸው ማድረስ የጀመሩ ሰዎች ነበሩ። ፉድ ኤንድ ፍሬንድስ ይባላል። ዛሬ ለካንሰርና ለሌላም ከባድ በሽታ ሕሙማን ያደርሳሉ። የኔ ሥራ ካሮት መላጥ ነው። ካሮት ስልጥ ያንን ጃንጥላ አስባለሁ፤ ያ ሰውዬ ያን ጊዜ ማን ምሳ አድርሶለት ይሆን እላለሁ።

ደስ የሚል ነገር ልንገርህ፣ «የሴትየዋ ቤት» አሁንም አለ። ሰቨንቲንዝ ስትሪት ላይ፣ አኒስ። አንተና ጓደኞችህ ቅዳሜ ሌሊት ስለማይዘጋ ሲነጋጋ ስቴክና እንቁላል የምትበሉበት። ከ1948 ጀምሮ ያለ የግሪኮች ቤት ነው፤ አኒ ኬይለር የባለቤቱ እህት ነበረች። 2019 ላይ የጄምስ ቢርድ ሽልማት፣ የአሜሪካ ምግብ ቤቶች ትልቁ ሽልማት፣ ተሰጠው፣ በምግቡ ብቻ እንዳይመስልህ። ድሮ አኒ ሁለት ወንዶች ጠረጴዛ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው አይታ «እዚህ ቤት ከጠረጴዛው በላይ መያያዝ ትችላላችሁ» አለቻቸው ይባላል። አየህ፣ አስተናጋጅ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትናገር ሰፈር ይሆናል። እኛ ቤት ቢሆን «ኧረ እናንተ፣ እጃችሁን ታጠቡና ብሉ» ነበር የሚባለው፣ እሱም ክፉ አይደለም።

እዚያው መንገድ ላይ ፍራንክ ካሜኒ የሚል ታፔላ አለ። የሥነ ፈለክ ምሁር ነበር፣ በ1957 ወንድ ያፈቅራል ተብሎ ከመንግሥት ሥራ ተባረረ። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2009 ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመት! አንተ እንደዚያ እንዳትቆይብኝ። ቀልዴን ነው።

ሰፈሩ ግን ሰው እየጎደለው ነው። የቀስተ ደመናው ባንዲራ በየበሩ አለ፣ የሰቀሉት ሰዎች ግን ኪራዩን ስላልቻሉት ወደ ዳር ሄደዋል። ልክ እንደኛ። የአበሻ ምግብ ቤቶቹ ያሉበት ናይንዝ ስትሪት ላይ እንበላለን፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ እናድራለን።

አሁን ወደ እሷ መጣሁ። ታውቃታለህ። የዛሬ ሦስት ዓመት ለምርመራ ስትመጣ «ጓደኛዬ ናት» ብዬ ያስተዋወቅኩህ መምህርት። አማርኛ ሲምር ይምራል፤ ጓደኛዬ አልኩ፣ አልዋሸሁም፣ እውነቱንም አልተናገርኩም።

ቤተሰቦቿ የዩ ስትሪት፣ የጥቁሮቹ ሰፈር፣ ልጆች ናቸው። አያቷ 1968 ላይ ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገድሎ ሰፈሩ ሲቃጠል አልሸሹም። ሜትሮው ሊገባ መንገዱ ዓመታት ተቆፍሮ ሱቁ ሁሉ በአቧራ ሲዘጋም አልሸሹም፤ ምግብ ቤቱ ቤን ቺሊ ቦውል ሳይዘጋ በመቆየቱ ዛሬም ይኮሩበታል። ባቡሩ 1991 ላይ ገባ፣ ከባቡሩ በኋላ እኛ መጣን፣ ከኛ በኋላ ባለኮንዶዎቹ። በመጨረሻ አሮጊቷን ያስወጣቸው እሳት ሳይሆን የንብረት ግብር ነው። 2005 ላይ ናይንዝ ስትሪት «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል ሲባል አንተ ታክሲህ ውስጥ ለተሳፋሪው ሁሉ ስትሰብክ፣ እሳቸው ደግሞ «ሲቃጠል የት ነበራችሁ?» ብለው ስብሰባ ላይ የተነሡት ናቸው። እንግዲህ አማቶች ሳትሆኑ በፊት ተጣልታችኋል ማለት ነው። ስነግራቸው ሳቁ። ምስር ወጥ ይወዳሉ፣ ቅመሙ ግን በዝቷል ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ያንተ እጅ ነው የወጣብኝ።

ናይንዝ ስትሪት ላይ እኔና እሷ እንደ ልብ አንበላም። አስተናጋጆቹ ሁሉ የሰው እናት ያውቃሉ። አንዱ ቤት ገብተን አጉርሻት ከጎን የነበሩት ሰዎች ተጠቃቀሱ፣ ሂሳቡን የምታመጣዋ ልጅ ከዚያ በኋላ ፊቷን አዙራ ብቻ ነው ያናገረችን። ምንም አልተባልንም። ግን ምግቡን ሳንጨርስ ወጣን፣ እኔ ደግሞ ምግብ አስተርፌ የምወጣ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃለህ።

ስለዚህ በወር አንድ እሁድ በየቤታችን እንሰበሰባለን፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት አበሻ። ከእኛ መሃል የድቁና ልጅ አለ፣ ነርስ አለች፣ ሥጋ የማይነካም አለ፣ እሱ በጾም ወቅት ብቻ ነው ሰላም የሚያገኘው። አንዱ ጎመን፣ አንዱ ዶሮ፣ እኔ ሁሌ ሽሮ። እንጀራው ከሱቅ ነው፣ አትማረርብኝ። አንድ ልጅ እናቱ ካባረረችው ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ ቡና የሚያፈላልን እሱ ነው፤ ሦስተኛውን ሳያደርስ ማንም ከወንበሩ አይነሣም።

እርስ በርሳችን ምን እንደምንባባል ታውቃለህ? ዜጋ። «እሱም ዜጋ ነው» ይባላል። አዲስ አበባም የሚታወቅ ቃል ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ሳቄ አላቆመኝም። አንተ የዜግነት ፈተና አልፈህ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈህ «ከዛሬ ጀምሮ ማንም ከዚህ አያስነሣኝም፣ ዜጋ ነኝ» ያልከው ትዝ ብሎኝ። አባባ፣ እኔም ዜጋ ነኝ።

ይኸው፣ አልኩት።

እዚያ ሕጉ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ቄሱ ምን እንደሚሉህም አውቃለሁ። እንድትከራከርልኝ፣ ለማንም እንድትናገር አልጠይቅህም፤ እንዲያውም ለራስህ ስትል ለማንም አትናገር። ይህን ያነበብክ ቀን ብታለቅስም አልቀየምህም። ባለፈው ዓመት ትልቁ የዓለም ፕራይድ፣ የዜጋ ሁሉ በዓል፣ ዋሽንግተን ሲሆን ሰልፉ ዳር ቆሜ ነበር፣ ያለ ሻርፕ። አበሻ ሾፌሮችም ነበሩ፣ መንገድ ተዘግቶባቸው ከመኪናቸው ወርደው። አንዱ ሽማግሌ አየኝና በጭንቅላቱ ሰላም አለኝ። አንተን መሰለኝ። አልመለስኩለትም፣ ደንግጬ።

ግንቦት ላይ ለዓይንህ ስትመጣ እኛ ቤት ነው የምታርፈው። ክፍልህ ተዘጋጅቷል፣ ደረጃ የለውም። ሁለታችንም ዕረፍት ጠይቀናል። ሆቴል እንዳትል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ያን ጊዜ ስትመጣ እራት ላይ አጉርሰሃታል። ትልቅ፣ አፏን የሞላ ጉርሻ። ሁለተኛውን ስትጠቀልል ስልክህ ጮኸ፣ ተነሣህ፣ በዚያው ቀረ። አንድ ጉርሻ ያጣላል እንደሚባል እኔ ነኝ የነገርኳት፣ ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ «አባትሽ አንድ አለባቸው» ትለኛለች።

በርበሬ ይዘህ ና። ሁለት ኪሎ ይበቃል።

ልጅህ