የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን በዚህ ዓመት ሥራውን ያተኮረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ የተጎዳ መሬት ሰው እጁን ቢያነሳለት በራሱ ጊዜ ምን ያበቅላል? ለዚህም ከትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ጀርባ የሚገኙ ሁለት አጎራባች ቦታዎችን በሽቦ አጠርን። አንደኛው ቀድሞ ጎመን ይለማበት የነበረ ጓሮ ሲሆን፣ ሌላኛው ለግንባታ ሲባል የላይኛው አፈር ተጠርጎ ቀዩ የታችኛው አፈር ብቻ የቀረበት ነው።

ጓሮው በውስጡ ተቀብሮ የቆየ ዘርና ሥር ስለነበረው ወዲያው መጭና ሰርዶ ለበሰ፤ ቀጥሎም ግራዋና ብሳና ብቅ አሉ። የተጠረገው ቦታ ግን ከዳር ተስቦ ከገባ ሰርዶ በስተቀር እስከ ሰኔ ድረስ ባዶውን ነበር። ተማሪዎቹን ይበልጥ የማረካቸው በአጥሩ ሥር የታየው ነገር ነው። የእንጆሪና የእንቧይ ቡቃያዎች ሽቦውን ተከትለው በመስመር በቅለው ተገኙ፤ ሽቦው ላይ የሚያርፉ ወፎች የበሉትን ፍሬ ዘር ከኩሳቸው ጋር ስለሚጥሉ፣ አጥሩ ሳናስበው ዘር መዝሪያ ሆኖ ነበር።

የላይኛው አፈር የሌለው መሬት ለምን እንደሚዘገይ ለመረዳት በአሜሪካ የሚገኘውን የሴንት ሄለንስ ተራራ ታሪክ አጠናን። ተራራው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1980 ሲፈነዳ በእሳተ ገሞራ ድንጋይና አመድ በተሸፈነው ሜዳ ላይ ቀድመው ከበቀሉት ዕፅዋት አንዱ የእኛው ግብጦ የቅርብ ዘመድ ነው። በሥሩ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ስለሚያቀርቡ፣ ሌላው በማይበቅልበት ቦታ በቅሎ፣ ሲሞትም አፈሩን ለተከታዮቹ ያዳብራል።

እ.ኤ.አ. በ1916 ክሌመንትስ የተባለው አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ የዕፅዋት መተካካት፣ ማለትም አንዱ የዕፅዋት ዓይነት ለሌላው ቦታ እየለቀቀ መሄዱ፣ ደረጃውን ጠብቆ በአካባቢው አየር ጠባይ ወደሚወሰን አንድ የመጨረሻ ደን ያመራል ሲል ጽፎ ነበር፤ ሌላው አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ግሌሰን ደግሞ በ1926 የዘር ወደ ቦታው መድረስና አጋጣሚ ብዙውን ይወስናሉ ብሎ ተከራከረው። ተማሪዎቻችን በዚህ ላይ ሲከራከሩ የአጥሩን ቡቃያዎች እያነሱ አብዛኞቹ ወደ ግሌሰን አዘነበሉ፤ እኔም ሚዛን የሚደፋው እሱ ይመስለኛል።

ከዓመቱ ሥራችን ሁሉ ከፍተኛ ዋጋ የምሰጠው ግን በጅማ አካባቢ በሚገኘው «በለጠ» በተባለው ደን ላደረግነው ጉብኝት ነው። ሰው ብዙም ባልነካው ክፍል ትልቅ ዛፍ ወድቆ ብርሃን በገባበት ክፍተት ፈጣኖቹ እነ ብሳና ሲሻሙ፣ በጥላው ሥር ደግሞ የቀረሮ ችግኞች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቡና በሚለማበት ክፍል ግን ከላይ ሲታይ ደኑ ሙሉ ቢመስልም፣ ለቡናው ሲባል ከሥር ያለው ቁጥቋጦ በየዓመቱ ስለሚመነጠር የትልልቆቹ ዛፎች ተተኪዎች አብረው ይጨዳሉ። ምንጠራው ለገበሬው ምርት አስፈላጊ መሆኑን ቤተሰቦቻቸው ቡና የሚያለሙ ተማሪዎች በሚገባ አስረድተዋል። ይሁን እንጂ በምንጠራ ጊዜ ጥቂት የቀረሮና የጥቁር እንጨት ችግኞችን ምልክት አድርጎ መተው ቡናውን እንደማይጎዳ፣ ደኑንም ወራሽ እንዳያጣ እንደሚረዳ አምናለሁ፤ ክበቡም ይህንኑ ሐሳብ ለወላጆች ቀን በሥዕል አዘጋጅቶ አቅርቧል።

የሁለቱ ቦታዎች የምልከታ መዝገብ ለቀጣዩ ዓመት አባላት ተላልፏል። በክረምቱ የችግኝ ተከላ ወቅት በአጥሩ ውስጥ ግራቪሊያም ሆነ ሌላ ችግኝ እንዳይተከል የትምህርት ቤቱን ማኅበረሰብ በአክብሮት እንጠይቃለን።